ሞተሯ ያልተነካ

ሞተር መለካት የፈሪ ሥራ ነው። ጀግና ያዳምጣል። ኮፈኑን ያስከፍታል፣ አንገቱን ዘንበል፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ «ቤንዚን ስጣት እስቲ» ይላል። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲያጓራ «በቃ፣ ፋሻ ነው» ብሎ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ ቱሉ ዲምቱ ግራና ቀኝ በተሰለፉት ጋራዦች ስንቱ ሞተር በዚህ ብይን እንደተፈታና እንደታሰረ የቆጠረ የለም። ይግባኝም አይባልበትም። ይግባኝ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃ መለኪያ ይፈልጋል፤ መለኪያ የሚጠይቅ ደንበኛ ደግሞ «ሰው የማያምን» ተብሎ ወረፋው ወደ ማታ ይገፋል።

እኔ በዚህ አሠራር ላይ አንዳችም ቅሬታ የለኝም። እንዲያውም ላወድሰው ነው የተነሣሁት። በተለይ ስፖርት መኪና ላይ ሲሆን ውበቱ ይጎላል።

ስፖርት መኪና ስል ፌራሪ የታያችሁ ካላችሁ ይቅርታ፣ ያለነው አቃቂ ቃሊቲ ነው። የሰፈሩ ስፖርት መኪና ዲኤክስ ናት፤ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣት አራተኛዋ የኮሮላ ትውልድ። ከኮፈኗ ሥር ፎርኬ የሚባለው ሞተር አለ፦ አራት ሲሊንደር፣ 1,290 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር። ስትሠራ የታሰበችው ቤተሰብ ገበያ አድርሳ እንድትመለስ ነበር። ዛሬ ሞላዋ ተቆርጦ ሆዷ አስፋልት ሊነካ ደርሷል፣ ቸርኬዋ ሰፍቷል፣ ኋላዋ ላይ ክንፍ በቅሏል፣ ማርሚታዋ ወልቆ በቦታው ሕፃን የሚያሳልፍ ቧንቧ ገብቷል። ባለቤቷ የዘር ሐረጓን ሲቆጥር ደግሞ መስማት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የወጣ «ኢኒሻል ዲ» የሚባል የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ አለ፤ ቶፉ የሚያመላልስ ልጅ ኤኢ86 የተባለች ኮሮላ ይዞ ተራራ ላይ እያንሸራተተ ሁሉንም ይቀድማል። ኤኢ86 የምትገፋው በኋላ ጎማዋ ነው፣ ዲኤክስም የምትገፋው በኋላ ጎማዋ ነው፤ እህትማማች ናቸው ማለት ነው። የልጁ መኪና 1,587 ሲሲ፣ 16 ቫልቭና ሁለት ካም ያላት፣ የኛዋ ደግሞ ስምንት ቫልቮቿን በዘንግ እየገፋች የምትኖር መሆኗ በእህትማማች መካከል የሚነሣ ጉዳይ አይደለም።

ስፖርት የመሆን የመጀመሪያው ሥነ ሥርዓት የአየር ፊልትሮውን አውልቆ መጣል ነው። ፊልትሮ የሌለው ካርቡሬተር አየር ሲስብ ልብ የሚያርድ ድምፅ ያሰማል፤ ድምፁ ብቻውን ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሚጨምር ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክራል። ድምፁ ሲጨምር የሚገባውም ይጨምራል እንጂ። አሸዋና ጠጠር የጫኑት ሲኖትራኮች በገላን በኩል ሲያልፉ የሚያነሡት አቧራ አለ፤ በውስጡ ያለው ሲሊካ ከሲሊንደሩ ብረት የጠነከረ ነው። ከዘይቱ ጋር ተለጥፎ ፒስተኑን በከበበው ፋሻና በግድግዳው መካከል ከገባ ግድግዳውን ይሞርዳል። በዚህ የሚከፋ ካለ ነገሩ አልገባውም፤ ቶርኖ ቤት ገንዘብ የሚጠይቅበትን ሥራ አቧራው በነፃ እየሠራ ነው። ልዩነቱ ቶርኖው ከላይ እስከ ታች እኩል መቅረጹ ብቻ ነው። አቧራው ፋሻው ወጥቶ የሚመለስበትን የላይኛውን ክፍል አብልጦ ስለሚበላ ቀዳዳው ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ሰማያዊው ጢስ ይመጣል። ጢስ ሲመጣ ሸንጎ ይሰበሰባል።

ሸንጎው የሚቆመው ጎሚስታው በር ላይ ነው። አባላቱ ጎሚስታው፣ የላቫጆው ልጅ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላዳ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አንድ ጋሼ፣ አንድ ደላላ፣ እንዲሁም ቡና ሊጠጣ ሲያልፍ ጢሱን አይቶ የቆመ ማንም ሰው ናቸው። መካኒኩም ድምፅ አለው፤ ያው አንድ ድምፅ።

«ዘይቱን አወፍርላት» ይላል ጎሚስታው።

«ቴስታታ ነው ባክህ። የወንድሜ መኪና ልክ እንዲህ አድርጋ ነበር» ይላል የላቫጆው ልጅ፤ የወንድሙ መኪና አይሱዙ መሆኗን ሳያነሣ።

«ልጄ፣ እኔን ስማኝ» ይላሉ ጋሼ። «ያን ሁሉ ዘመን ላዳ ስነዳ አንድ ቀን ሞተር አላስከፈትኩም።» ላዳዋ አሁን የት እንዳለች የሚጠይቃቸው አይገኝም፤ ነውር ነው።

«እንዳትነካት!» ይላል ደላላው። ከሁሉም ያጠረው፣ ከሁሉም የጠለቀው ቃል ይህ ነው፤ እመለስበታለሁ።

በዚህ መሃል ከቴክኒክና ሙያ በቅርቡ የወጣ አንድ ወጣት «ኮምፕሬሽን ለምን አንለካም?» ቢል ሳቅ ይሆናል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ልጁ የሚያስበውን እስቲ ስሙት። ሞተሩ ይሙቅ ይላል። አራቱም ካንዴላ ይውጣ ይላል። ጌጁን በየቀዳዳው እየሰኩ፣ የቤንዚን ፔዳሉን እስከ ታች ረግጦ በሞተሪኖ ማዞርና አራት ቁጥር መጻፍ። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ በሲሊንደሮቹ መካከል በሳንቲ ሜትር ካሬ ከ1 ኪሎ የበለጠ ልዩነት እንዳይኖር ያዝዛል። ወርዶ የተገኘው ቀዳዳ ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና ይለካል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻውና ግድግዳው ጋ ነው፣ ባለበት ከቀረ ከላይ ነው፣ ቫልቩ ጋ። ጢሱንም ያነብባል አሉ። ቁልቁለት ላይ ቤንዚን ለቅቀው ቆይተው እንደገና ሲረግጡ ቡልቅ የሚል ከሆነ በቫልቩ አንገት ላይ ያለው የዘይት መያዣ ጎማ ደርቋል፤ ዳገት ላይ እያማጠች ሳታቋርጥ ካጨሰች ደግሞ ፋሻ ነው። ጎማው ብቻ ከሆነ ሞተሩ ከነጭራሹ ሳይወርድ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ አንድ ጀበና ቡና እስከ ሦስተኛ የሚጠጣበትን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ታዲያ ሸንጎው ምን ሊበላ ነው? አራት ቁጥር ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ጎሚስታው ስለ ምን ይናገር? ጋሼስ ላዳቸውን በየት በኩል ያስገቡ? አራት ቁጥር የሰፈርን ማኅበራዊ ኑሮ ያፈርሳል።

በእርግጥ ጌጅ ገዝተው ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ጋራዦችም አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ባህላችንን አላሳፈሩም። ጃፓን የጻፈችው ቁጥር ባሕር ጠለል አካባቢ ለሚተነፍስ ሞተር ነው። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር እዚህ ሲለካ ከመጽሐፉ ዝቅ ማለቱ የታወቀ ነው፤ መታየት ያለበት አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው። ባለ ጌጁ ግን መጽሐፉን ይከፍታል፣ ቁጥሩን ያስተያያል፣ በሐዘን ራሱን ይነቀንቃል። «ወንድሜ፣ ይቺ ሞተር ሞታለች።» አጠገቡ፣ በአጋጣሚ፣ የሚሸጥ ሞተር አለው።

ከፍታው ሌላም ውለታ ይውላል። ከጥገና በኋላ ስፖርት መኪና የሚፈተነው ወደ አዳማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ፈጣን መንገድ ከዚሁ ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ በሕግ የተፈቀደው ፍጥነት እስከ 120 ነው። አዳማ ከኛ ከ300 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ሞተሩ እየሄደ በሄደ ቁጥር የተሻለ አየር ያገኛል፣ መሬቱም ይስበዋል፣ ኋላ ወንበር ላይ ያሉት ጓደኞችም ይጮኻሉ። ቁልቁለቱ፣ አየሩና ጩኸቱ ተደምረው «ሰውዬው ሞተር ያውቃል» ይባላል። ሲመለሱ ዳገቱ ላይ መጎተት ሲያቅታት ደግሞ ጥፋቱ የታወቀ ነው፦ አዳማ የተቀዳው ቤንዚን ውሃ ነበረው።

ወደ ሕክምናው እንግባ። በእኛ ዘንድ የሞተር ሕክምና የሚጀምረው ከወፍራም ዘይት ነው። 40 የነበረው 50 ይሆናል፤ የጨከነ ለካምቢዮ የተሠራውን 140 ይቀላቅላል። አመክንዮው ግልጽ ነው፦ ብረቱ ሲሳሳ ዘይቱ ይወፍራል፣ ሒሳቡ ይወራረዳል። ኅዳር ላይ አቃቂ ሲነጋ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የሚያውቅ ሰው፣ ያ ዘይት ከታች ተነሥቶ ቫልቭ ዘንጎቹ ጋ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ ብረት ከብረት ሲፋጭ እንደሚቆይ ሊገምት ይችላል፤ ሞተር አብዝቶ የሚበላውም በዚያች የመነሻ ጊዜ ነው። ግን ማን ነው ጠዋት የሚያይ? መኪና የሚታየው ከሰዓት ነው፣ ላቫጆ ከዋለ በኋላ። ጢሱ ይጠፋል። ሞተሩም ይከተለዋል።

ዘይቱ አልበቃ ሲል «ፋሻ ብቻ ቀይርልኝ» ይመጣል። ይህ በአገራችን ከተፈለሰፉት የጥገና ጥበቦች ሁሉ የረቀቀው ነው። ሞተሩ ይፈታል፣ ቴስታታው ይወርዳል፣ ፒስተኖቹ ይወጣሉ፤ ለመለካት የሚያስፈልገው ልፋት ሁሉ ይከፈላል፤ አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፣ እሱም መለካት ነው። መካኒኩ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ጥፍሩን ሽቅብ ያንሸራትታል። ጥፍሩ ካላደናቀፈው ስታንዳርድ ነው፤ ካደናቀፈውም ጥፍሩ ረዝሟል ማለት ነው። ከዚያ ፍጹም ክብ የሆነ አዲስ ፋሻ፣ ክብነቱን ካጣ የቆየ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። በጎን በኩል የሚተርፈው ክፍተት ዘይቱን እንደ ልማዱ ያሳልፋል፤ ጠርዘ ስሉ አዲስ ፋሻም አሮጌው ፋሻ ከላይ ትቶት የሄደውን እርከን እየገጨ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ይሰበራል። ያን ቀን የሚባለውን ልንገራችሁ፦ «ፋሻው ቻይና ነው።»

ይህ የሚሆነው የት እንደሆነ አስታውሱልኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ ሲቋቋም በሥሩ የገባው የአቃቂ ብረታ ብረት ፋብሪካ የሚገኝበት ክፍለ ከተማ ነው። ብረት ሲቀልጥና ሲቀረጽ የኖረበት፣ የማሽን መለዋወጫ በሚሊ ሜትር ሽርፍራፊ ሲሠራ የኖረበት አካባቢ ነው። ከዚያ ሁሉ ሥልጣኔ አጥር ወዲህ ግን ጥፍራችን በክብር ቆሟል።

ወደ ቶርኖ ቤት የሚደርሱ ደፋሮችም አይታጡም። መጽሐፉ ቀዳዳው ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በየቦታውም ሁለት አቅጣጫ ይለካ ይላል፤ ከዚያ ከፍ ያለው የፒስተን ቁጥር፣ በሚሊ ሜትር መቶኛ 25፣ 50፣ 75 ወይም 100፣ ተመርጦ ይገዛ፣ ቀዳዳውም በተገዛው ፒስተን ልክ ይስፋ ይላል። እኛ ቅደም ተከተሉን አሻሽለነዋል። ቀዳዳው ቀድሞ በ50 ይሰፋል፤ ፒስተኑ በኋላ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። 50 ይጠፋል። «75 አለ፣ ኦሪጅናል ታይዋን» ይባላል። ቀዳዳው እንደገና ቶርኖ ቤት ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ሊታደስ ይችል የነበረ ብሎክ በአንድ ሳምንት ሁለት ዕድሜውን ይጨርሳል፤ የቀረው 100 ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ካሚቻ ማስገባት ነው። ቶርኖ ቤቱም ይኖራል፣ ፒስተን ሻጩም ይኖራል። ሞተሩ ብቻ ነው ያልኖረው።

«ምን አስለፋህ፣ የዱባይ ሞተር ግዛ» የሚለው ወገን ደግሞ አለ። የዱባይ ሞተር ማለት ሌላ አገር ከሌላ መኪና ሆድ ወጥቶ በኮንቴነር የመጣ ሞተር ነው። ሻጩ ኪሎ ሜትሩን አጣርቶ ያውቃል፦ «አርባ ሺህ ብቻ የሄደ።» ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ዳሽቦርዱ ላይ፣ ዳሽቦርዱ መኪናው ውስጥ፣ መኪናው ዱባይ መቅረቱ ሻጩን አያሳስበውም። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ከአዲሱ ጋር አለመግጠሙም እንዲሁ፤ ያ የገዢው ጣጣ ነው። ይህ ሞተርም፣ ልብ በሉ፣ ሳይከፈትና ሳይለካ ይገባል። ከማናውቀው የራሳችን ሞተር የማናውቀው የሰው ሞተር ይሻላል፤ ቢያንስ ተጓዥ ነው።

ይህን ሁሉ ጥበብ የምናካሂድበት ዘመንም የተመረጠ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ፣ ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር፣ የሚያስደነግጥ ታክስ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተባለ። ዲኤክስን የሚተካ ዲኤክስ ከእንግዲህ በቃሊቲ ጉምሩክ በር አይገባም ማለት ነው። አገር ውስጥ ያለው ብሎክ ያለው ብቻ ነው። ሌላ ሕዝብ ቢሆን ይህን ሲሰማ ማይክሮ ሜትር ይገዛ ነበር። እኛ ዋጋ ጨመርን።

አሁን ወደ ደላላው ቃል። «እንዳትነካት!» ያለው ሰውዬ ቀልደኛ አልነበረም፤ ከሸንጎው ሁሉ ገበያውን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። የመኪና ማስታወቂያ አንብቡ፦ በጣም ንፁህ፤ በሴት የተያዘች፤ ገዝተው ምንም የማይጨምሩበት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞተሯ ያልተነካ። ገዢው ሲመጣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ሞተሯ ተፈትቶ ያውቃል?» ብሎ ነው። ዛሬ ሙሽራ እንኳ የማትጠየቀውን ጥያቄ ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረች ዲኤክስ ትጠየቃለች። መልሱም የሚሰጠው በመሐላ ነው።

አሁን አንድ የዋህ ሰው አስቡ። ሞተሩን አስለካ፤ ፒስተን ቀድሞ ገዝቶ ቀዳዳውን በልኩ አስቀረጸ፤ ክራንክ ሻፍቱን አስመረመረ፤ ቴስታታው በሙቀት ተጣሞ እንደሆነ አስፈተሸ፤ ፊልትሮዋን መለሰ፤ የመጀመሪያዎቹን ሺህ ኪሎ ሜትሮች ሳይጋልብ አለሳልሶ ነዳ። ደረሰኙን ሁሉ በፖስታ አስቀመጠ። ሊሸጥ ሲያወጣት «የተነካች ናት» ተብሎ ከሞተሯ ዋጋ በላይ ይቀነስበታል። ጎረቤቱ የቆመችው፣ ጢሷን በወፍራም ዘይት የዋጠችው፣ በነጭ ጋዝ ታጥባ ያበራችው «ያልተነካች» ግን በሁለት ቀን ትሸጣለች። ጀርመን አገር አሮጌ ፖርሽ የሚሸጥ ሰው የሞተር እድሳቱን ደረሰኝና ፎቶ በፋይል ጠርዞ ከመኪናው ጋር ያቀርባል፤ ፋይሉ በወፈረ ቁጥር ዋጋ ይጨምራል። ሞኞች! ለተሠራ ሥራ ይከፍላሉ። እኛ የምንከፍለው ላልተሠራው ነው።

ስለዚህ ጥፍሩን የሚያንሸራትተውን መካኒክ መርገም አላዋቂነት ነው። ማይክሮ ሜትር ያልገዛው ስለማያውቀው አይደለም፤ የሚያውቀው ብዙ አለ፣ ሌሊት የቆመ ገልባጭ በባዶ እጁ አስነሥቶ የሚልክ ባለሙያ ነው። ግን መኪናዋን ነገ የሚገዛት ሰው የሚከፍለው ላልተለካው ከሆነ፣ ዛሬ ለመለካት ማን ይከፍለዋል? ባለቤቱም ቢሆን የሚያስጠግናት ሊነዳት አይደለም፤ ሊሸጣት ነው። የገዛትም ሊሸጣት ነው። ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ጢሷን የሚያየው የሚከተላት ብቻ ነው፤ የሚከተላት ደግሞ የታክሲ ተሳፋሪና የትምህርት ቤት ልጅ ስለሆነ በገበያው ላይ ድርሻ የለውም።

እኔም ምክር ሳልሰጥ አልቀርም። በስሕተት ሞተርህን በሥርዓቱ ያስለካህና ያሠራህ ወንድሜ ሆይ፣ ገና ነው፣ አልረፈደም። ደረሰኞቹን ቅደድ። የቴስታታው አዲስ ጓርኒሲዮን ጠርዙ ነጭ ሆኖ ስለሚያሳጣህ የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ ላዩ ላይ ከገላን መንገድ ዳር የዘገንከውን አቧራ በትንበት። ቡሎኖቹ አዲስ የመፍቻ ጭረት አላቸው፤ አንድ ሌሊት ውሃ ረጭተህ ብታሳድራቸው ዝገት ይጀምራሉ። ቶርኖ ቤቱ «ሥራህን ለሰው አሳይልኝ» ካለህ እንደማታውቀው እለፈው። ከዚያ ላቫጆ ሳትወስዳት፣ እንዲሁ እንደቆሸሸች፣ ደላላውን ጥራው፤ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚፈካ ታያለህ፣ ኮሚሽኑንም ከመሐላህ በፊት ይጠይቅሃል።